ከሀረና እስከ አሬሮ፦ ሁለቱን ሶሪቶች ፍለጋ

ሰኞ፣ ወደ ጎባ

የጥምቀት ግርግር ካለፈ በኋላ ነው ከአዲስ አበባ የወጣነው። ጥር ለዚህ መንገድ ጥሩ ወር ነው። ደቡብ ላይ ዝናቡ ያቆማል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ መኪናም አይያዝም። በአሰላ በኩል አድርገን በቆጂን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ማታ ጎባ ገባን። ዲንሾ ስንደርስ የደጋ አጋዘኖች ከመንገዱ ብዙም ሳይርቁ ሲግጡ አየን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለእነሱ ስል እዚያው አድር ነበር።

የዚህ ጉዞ ነገር ግን ሶሪት ናት። ሶሪትን ብዙዎቻችሁ ስሟን ባታውቁም አይታችኋታል። አረንጓዴ ገላ፣ ረጅም ጭራ፣ ቀይ መንቁር ያላት ወፍ ናት። ክንፏን ስትዘረጋ ውስጡ ደማቅ ቀይ ሆኖ ቦግ ይላል። እንጦጦ ላይ አለች፣ መናገሻ ጫካም አለች። ፈረንጆቹ ቱራኮ ከሚሉት ቤተሰብ ናት። ቤተሰቡ 23 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ ሁሉም የሚኖሩት አፍሪካ ውስጥ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ለእኛ ልዩ ናቸው። አንደኛዋ ይህችው የምናውቃት ባለ ነጭ ጉንጭ ሶሪት ናት፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች፣ ጥቂትም ደቡብ ሱዳን ጫፍ ላይ ትገኛለች። ሁለተኛዋ የሩስፖሊ ሶሪት ትባላለች። እሷ ያለችው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም በደቡብ፣ በጉጂና በቦረና ምድር፣ ጠባብ በሆነ ክልል። ሁለቱ በጣም ከመቀራረባቸው የተነሳ የወፍ አጥኚዎች ከሌሎቹ ቱራኮዎች ለይተው በአንድ የወገን ስም ሥር አስገብተዋቸዋል። ስሙ ሜኔሊኮርኒስ ነው። አዎ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ስም የወጣ ነው።

ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሯቸዋል። የሩስፖሊን ሶሪት ግን ስንቱ ሰምቶ ያውቃል? እኔን ይህ ያንገበግበኛል። ከላይ ከደጋው ጀምረን እየወረድን ሁለቱን በየቤታቸው ለማየት፣ ከዚያም የሚገናኙበት ቦታ ላይ ምን እንደሚሆን ለማየት ነው የመጣነው።

ማክሰኞ፣ ከሳነቴ ወደ ሀረና

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። አስጎብኚያችን ባሌ ተወልዶ ያደገ፣ ጫካውን በእግሩ ያካለለ ወጣት ነው። ሳነቴ ላይ ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። አምባው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ቆሟል። በጅብራዎቹ መሃል አንዲት ቀይ ቀበሮ አይጥ አድብታ ስትጠብቅ አየን። ይህ ሁሉ አሁን የዓለም ቅርስ ነው። ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ከሳነቴ ደቡብ ጫፍ ላይ መንገዱ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ አስታው ይመጣል፤ ግንዱ ሁሉ ሽበት ለብሷል። ከዚያ ኮሶው። ሪራን አልፈን ትንሽ እንደወረድን ጫካው ጥቅጥቅ አለ፤ ከፍ ብለው የተሰቀሉ የማር ቀፎዎችም መታየት ጀመሩ። እዚያ መኪናውን አቁመን በእግራችን ገባን።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅዋ ነው። ከጉሮሮ የሚወጣ ሻካራ ድምፅ ነው፤ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ይደጋገማል። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ከማዶ ትቀበላለች።

«ጋሼ፣ ባሉበት ይቁሙ» አለኝ አስጎብኚው። «ኮሶው ላይ፣ ከታች ሁለተኛው ቅርንጫፍ።»

ቅርንጫፉ ላይ ስትሮጥ አየኋት። ሶሪት ዛፍ ላይ ብዙም አትበርም፤ ትሮጣለች፣ ትዘላለች። የእግሯ የውጭ ጣት ወደፊትም ወደኋላም ስለሚዞር ቅርንጫፍ እንዳሻት ትጨብጣለች። እንዲያ ስትሮጥ ከወፍ ይልቅ ሽኮኮ ትመስላለች። ከዚያ ዘወር ብላ ቆመች፤ ፊቷ ላይ ፀሐይ አረፈ።

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ነገር ሁሉ በዚህ ፊት ላይ የተመሠረተ ነው። ከዓይኗ ፊት ለፊት ጥርት ያለ ነጭ ምልክት አለ። ከጆሮዋ በኩል ደግሞ ሌላ ነጭ መስመር ተነስቶ በአንገቷ ጎን ቁልቁል ይወርዳል። ስሟን ያገኘችው በእነዚህ ነው። በዓይኗ ዙሪያ ያለው ቆዳ ቀይ ነው። ቁንጮዋ ጥቁር ነው ሊባል የሚችል ደማቅ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ጠጋ ብዬ በመነጽር ሳየው ግን የቁንጮው የኋላ ጫፍ ወደ ቀይ ይወስደዋል። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ያሉት፣ የባሌና የአርሲ የሐረርጌም ሶሪቶች፣ በዚህ ቀይ ይለያሉ። በምዕራብና በሰሜን ያሉት እህቶቻቸው ይህ ቀይ የላቸውም። ይህችን የኋላ ቀይ ያዙልኝ፤ ነገ ገናሌ ወንዝ ስንደርስ ትመለሳለች።

ብድግ ስትል ክንፏ ተዘረጋ፤ አረንጓዴው ጫካ ውስጥ ቀዩ ቦግ ብሎ ጠፋ። አስጎብኚው ከደብተሩ ውስጥ አንድ ላባ አውጥቶ አሳየኝ፤ መሬት ላይ ወድቆ ያገኘው ነው። ጠርዙ ጥቁር፣ መሃሉ ጥልቅ ቀይ። ይህ ቀይ ውስጡ መዳብ አለው። የቀለሙ ስም ቱራሲን ይባላል፤ ከቱራኮዎች በቀር ሌላ ወፍ ዘንድ አይገኝም። ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ላባው ቢነከር ቀለሙ ይለቃል። አረንጓዴዋም እንደ ብዙዎቹ ወፎች ብርሃን ላባ ላይ ሲሰበር የሚፈጠር አይደለም። መዳብ ያለበት እውነተኛ አረንጓዴ ቀለም ነው። ስንት ዓመት አይቼው ይህንን ስሰማ አሁንም ይደንቀኛል።

ከሰዓት በኋላ በቡና ጫካው በኩል ወርደን ዶሎ መና አደርን። ሀረና ውስጥ ቡና በዱር ይበቅላል፤ ማታ ያንኑ ቡና ጠጣን።

ረቡዕ፣ ገናሌ

ትናንት በብርድ የተንቀጠቀጥነው ሰዎች ዛሬ ጃኬታችንን አውልቀን መስኮት ከፈትን። ዶሎ መና 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ጫካው አለቀ፣ ግራርና ቁጥቋጦ ተተካ። ግመሎች መንገድ ላይ ተሰልፈው ሾፌራችንን አስቆሙት። ባለ ነጭ ጉንጯ ሶሪት ከኋላችን ቀርታለች፤ ይህ ሙቀት የእሷ ቤት አይደለም።

ገናሌ ትልቅ ወንዝ ነው። ወደታች ድንበሩ ላይ፣ ዶሎ (ያደርንባት ዶሎ መና አይደለችም) ከዳዋ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆንና ሶማሊያ አቋርጦ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ዳርና ዳሩን ትልልቅ ሾላዎች ይዘውታል። ሾላ ካፈራ ሶሪት አትጠፋም። ጥላ ፈልገን ተቀመጥንና መጠበቅ ጀመርን።

እየጠበቅን ታሪኩን ላጫውታችሁ። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ኢጣሊያዊ ልዑልና አሳሽ ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በዚህ አገር እየተዘዋወረ እንስሳና ዕፅዋት ሲሰበስብ ይህችን ወፍም ገድሎ ከስብስቡ ጋር አኖራት። የት እንዳገኛት፣ መቼ እንዳገኛት ግን አልጻፈም። በታኅሣሥ 1893 ቡርጂ አካባቢ ዝሆን ገደለው። ስብስቡ ኢጣሊያ ደርሶ የወፍ ሊቁ ቶማሶ ሳልቫዶሪ ሲመረምረው አዲስ ዝርያ ሆና አገኛት። በ1896 በሟቹ ልዑል ስም ሰየማት። ከዚያ ለአሥርተ ዓመታት ማንም ተመራማሪ መልሶ አላያትም። የት ተብላ ትፈለግ? እንደገና የተገኘችው በ1940ዎቹ መጀመሪያ አሬሮ ጫካ ውስጥ ነው።

የጠፋችው ከሙዚየም መዝገብ ነው እንጂ ከምድሯ አይደለም። የጉጂና የቦረና እረኞች በዚያ ሁሉ ዘመን ከብቶቻቸውን በሥሯ ሲነዱ ነበር። «ጠፍታ ተገኘች» የሚለውን ሳነብ ይህን አለማሰብ አልችልም።

ከቀትር በኋላ መጣች። ሁለት ነበሩ፤ ከማዶ እየዘለሉ ወደ ሾላው ገቡ። አንደኛዋ የበሰለ ፍሬ ቀጥፋ እንዳለ ዋጠች፣ ሌላ ቀጠፈች፣ እሱንም ዋጠች። ገላዋ ያው ነው፤ አረንጓዴ ደረት፣ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ጭራ፣ ቀይ ክንፍ። ከሩቅ ጀርባዋን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። ፊቷን ስታዞር ግን ሌላ ወፍ ናት። ጉንጯ ላይ ነጭ የሚባል ነገር የለም፤ አረንጓዴ ብቻ ነው። ነጩ በሙሉ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ቁንጮዋ የወተት አናት የመሰለ ክሬም ነው። በዚያ ጨለም ባለ የሾላ ቅጠል ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

የቁንጮው የኋላ ጫፍስ? ደብዛዛ ቀይ ነው። ትናንት ሀረና ላይ ያየሁት ያ ቀይ፣ እዚያው ቦታ ላይ። እህትማማችነታቸው ለእኔ በዚህ ታየኝ። አንዷ ጉንጯን ነጭ አደረገች፣ ሌላዋ ቁንጮዋን፤ የኋላዋን ቀይ ግን ሁለቱም ይዘውታል።

በድምፅ ልለያቸው ሞክሬ ነበር። እኔ ጆሮ ውስጥ አንድ ናቸው። አስጎብኚውም «በድምፅ ብቻ አልምልም» አለኝ። መኖሪያቸው ግን ይለያል። አንደኛዋ ደጋውንና እርጥቡን ጫካ ትወዳለች። ሌላዋ ዝቅ ብላ ደረቅ የጥድ ጫካ፣ የጫካ ዳርቻ፣ ግራርና የወንዝ ዳር ዛፍ ይበቃታል። ለረጅም ዘመን ሳይደራረሱ ያኖራቸው ይህ ይመስለኛል።

ማታ ነገሌ ገባን። ነገሌ ሞቅ ያለች ከተማ ናት፤ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛው አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ይሰማል። የግመል ወተት ሻይ ጠጥተን ተኛን።

ሐሙስ፣ ዋደራ

ከጉዞው ሁሉ የከበደኝ ቀን ይህ ነው።

ከነገሌ በክብረ መንግሥት መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲኬድ መሬቱ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ግራሩ ለጥድና ለዝግባ ይለቃል። ዋደራ ማለት ይህ ነው። ለሩስፖሊ ሶሪት የላይኛው ጠርዝ ነው፣ ለባለ ነጭ ጉንጯ ደግሞ የታችኛው። ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ነው።

ጠዋት አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ቆምን፤ ፍሬው ደርሷል። በአንዲት ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም አየን። ባለ ክሬም ቁንጮዋ አንድ ቅርንጫፍ ላይ፣ ባለ ነጭ ጉንጯ ከእሷ በላይ። ጠብ የለም፣ መባረር የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አስጎብኚው ግን ክንዴን ነካ አድርጎ ወደ ግራ አመለከተኝ።

ሦስተኛዋ ብቻዋን ነበረች። ቁንጮዋ ክሬም አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም፤ ጭስ የነካው ነጭ ነው። አንገቷ ላይ ነጩ መስመር አለ፣ ግን ቀጭንና የደበዘዘ። ከዓይኗ ፊት ያለው ምልክት የለም ማለት ይቻላል። ደጋግሜ አየኋት፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ፊቷን ከጎን እስክታዞር ጠበቅኩ። ድቅል ናት። ሁለቱ ዝርያዎች በዚህ አካባቢ እንደሚዳቀሉ ከዚህ በፊትም ተመዝግቧል። ማንበብና ማየት ግን ይለያያል።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? ወፎቹ ተፋቅረው ቢኖሩ ምን ችግር አለው የሚል ይኖራል። ነገሩ በቁጥር ነው። ባለ ነጭ ጉንጯ ከኤርትራ እስከ ደቡብ ሱዳን ጫፍ ተሰራጭታለች። የሩስፖሊ ሶሪት ያለችው ግን በዚህች ጠባብ ምድር ብቻ ነው። ብዙና ጥቂት ሲዳቀሉ የሚዋጠው ጥቂቱ ነው። ማንም ጥይት ሳይተኩስ፣ አንድም ሬሳ ሳይወድቅ፣ ያ ክሬም ቁንጮ ከትውልድ ትውልድ እየደበዘዘ ሊሄድ ይችላል። ጫካው ውስጥ ያኔም ሶሪት ትጮሃለች፤ ያቺኛዋ ግን አትሆንም። የወፍ አጥኚዎች ከደን መመንጠር ጋር አብረው ይህንንም ስጋት የሚያነሱት ለዚህ ነው።

መመንጠሩም ከዓይን አይሰወርም። በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። አዲስ የተቃጠለ መሬት ላይ ጉቶዎቹ ገና ይጨሳሉ፤ በቆሎ ሊዘራበት ነው። ከሰል የሚያከስለውን ሰው አልፈርድበትም፤ ልጆቹን የሚያበላው በእሱ ነው። ከሰሉን የምንገዛው እኛ የከተማ ሰዎች ነን።

ከእርሻው ዳር አንድ ሽማግሌ ሰላም አሉን፤ እርጎም አመጡልን። ከቤታቸው ፊት ለፊት አንድ ግዙፍ ሾላ ቆሟል።

«አባቴ፣ ዙሪያውን ሁሉ ተመንጥሮ ይህ እንዴት ቀረ?» አልኳቸው።

አስጎብኚው ተረጎመላቸው። እሳቸው እንደመገረም አሉ።

«ኦዳ አይቆረጥም። ሥሩ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ነገር ይታይበታል። ማን ይቆርጠዋል?»

እያወራን ሳለ ሁለት ሶሪቶች እዚያው ኦዳ ላይ አረፉ። ቁንጮዋቸው ክሬም ነበር፤ ጉንጫቸው ንጹሕ አረንጓዴ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአቸውና እርጎውን ደግመው ቀዱልኝ። እንግዲህ ስለ ጥበቃ የሚያወራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እኚህን ሽማግሌ ቢያናግር እላለሁ። ዛፉን ያቆየው ባህላቸው ነው፣ ወፏንም አብሮ አቆይቷታል።

ዓርብ፣ አሬሮ

የሊበንን ሜዳ አቋርጠን፣ መልካ ጉባ ላይ ዳዋን ተሻግረን ወደ አሬሮ ሄድን። መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

አሬሮ ግን ያስገርማል። ዙሪያው ደረቅ የቦረና ምድር ነው። በመሃሉ ድንገት ጥድ ይመጣል፤ ረጃጅም፣ ቅርፊታቸው የተላጠ፣ ሽታቸው ከሩቅ የሚሰማ ጥዶች። ሥራቸው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ነው። ወፏ በ1940ዎቹ ለሳይንስ እንደገና የተገኘችው እዚህ ስለሆነ እግሬ ሲገባ ደስታዬ ሌላ ነበር።

እዚህ ያየናቸው በሙሉ የሩስፖሊ ናቸው። አንድም ባለ ነጭ ጉንጭ አላየንም፣ አንድም ጭስማ ቁንጮ አላየንም። ከዋደራ በኋላ ይህን ማየት ዕረፍት ነበር። አንዲቱ ከራሴ በላይ ዝቅ ብላ ጥድ ላይ ቆመች። ስትጮህ ቁንጮዋ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ዝም ስትል ይተኛል። ሲነሳ የኋላው ቀይ ይገለጣል፤ ሲተኛ ይሸፈናል። ይህን ገናሌ ላይ ልብ አላልኩትም ነበር፤ ርቀቱ አይፈቅድም።

ከዚህ ተነስቼ የማምንበትን ልናገር። ዋደራ ላይ ሁለቱ እንዳይገናኙ ማድረግ አይቻልም፤ ወፍ ማን ያግዳል? አሬሮን የመሰሉ፣ የሩስፖሊ ሶሪት ብቻዋን የምትኖርባቸው ጫካዎች ግን ሊጠበቁ ይችላሉ። ዝርያዋ ሳትቀየጥ የምትቆየው በእነሱ ውስጥ ነው። ጫካው ደግሞ ትንሽ ነው። ጥዱ ለቤት ማገርና ለአጥር ይፈለጋል፤ አንዴ እሳት ከገባበትም ቶሎ አይመለስም። ሲገባም ሲወጣም የተቆረጠ ጉቶ አይቻለሁ። ለኢትዮጵያ ብቻ የተሰጠች ወፍ ዕጣዋ እንዲህ ባለች ጫካ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ አገሬው ስሟን እንኳ አለማወቁ ያሳስበኛል።

ቅዳሜ፣ ያቤሎ

ያቤሎ አድረን ዛሬ በዲላ በኩል ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን። ሾፌራችን ጎማ እያስተካከለ ስለሆነ፣ መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልጻፍ።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ፤ አንዳንዱ ጊዜ አይመችም። የአካባቢውን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ተገቢውን ክፍሉት። በጠዋት ወይም ፀሐይ ስትበርድ ውጡ፤ በቀትር ሶሪት ቅጠል ውስጥ ገብታ ዝም ትላለች። መጀመሪያ የሚያፈራ ሾላ ወይም ዝግባ ፈልጉ፣ ወፏ ራሷ ትመጣለች። ድምፅዋን በስልክ እያጫወታችሁ አትጥሯት። ጎጆዋ በጭራሮ የተረበረበ ስስ ነገር ነው፤ የምትጥለውም ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ብቻ ስለሆነ ጎጆዋን ጥላ መነሳት የለባትም።

ፎቶ ስታነሱ ከጎን አንሱ። ጉንጩና የቁንጮው ኋላ አንድ ላይ ይታዩ። የቦታውን ስም፣ ከፍታውንና ቀኑን ጻፉ። በተለይ ከዋደራ እስከ ነገሌ ባለው መንገድ ላይ ያያችሁትን፣ ንጹሑንም ድቅሉንም፣ መዝግቡ። ድንበሩ ወደየት እየሄደ እንደሆነ ሊታወቅ የሚችለው ብዙ ሰው ብዙ ዓመት ሲመዘግብ ብቻ ነው።